የድምፅ ከፍታ ሽግግር እንዴት ይፈተናል? የጊታር ፕሮሰሰር፣ ጆሮ እና ቅኝት

(በፋኩልቲው የሕዝብ ገለጻ መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ)



 የዛሬው ርእሰ ጉዳዬ ሲታይ አነስተኛ ሊመስል ይችላል። በጊታር ተጫዋች እግር ሥር የሚቀመጥ አንድ ሣጥን ነው። የጊታሩ ገመድ ወደ ሣጥኑ ይገባል፤ ከሣጥኑ የሚወጣው ገመድ ደግሞ ወደ ማጉያው ይሄዳል። በመካከሉ ሣጥኑ ድምፁን ወደ ቁጥር ይለውጠዋል፤ በቁጥሩ ላይ ስሌት ይሠራል፤ ውጤቱን መልሶ ድምፅ ያደርገዋል። ሙዚቀኞቻችን «ኢፌክት» ወይም «ፕሮሰሰር» ይሉታል። ከሚሠራቸው በርካታ ሥራዎች መካከል ዛሬ የምመለከተው አንዱን ብቻ ነው፤ ይኸውም በሙያው ፒች ሺፍቲንግ የሚባለው፣ እኔ በዚህ ንግግር «የድምፅ ከፍታ ሽግግር» የምለው ነው።

«ከፍታ» ስል ጉላትን ማለቴ እንዳልሆነ ልብ እንድትሉልኝ እጠይቃለሁ። ቀጭን ድምፅ፣ ወፍራም ድምፅ የምንለውን ባሕርይ ማለቴ ነው። ይህ ባሕርይ በዋናነት የሚወሰነው ክሩ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ በሚነግረን ቁጥር፣ ማለትም በድግግሞሹ ነው። ተጫዋቹ አንድ ድምፅ ይመታል፤ መሣሪያው ያንኑ ድምፅ በተወሰነ ርቀት ቀጭን ወይም ወፍራም አድርጎ ያወጣዋል። ሥራው ይኸው ነው።

ላሳያችሁ የምፈልገው ነገር አንድ ነው። ማንኛውም የከፍታ ማሸጋገሪያ ሙዚቃ ምን እንደሆነ የሚገልጽ ግምት በውስጡ ይዟል። መሣሪያውን መፈተን ማለት ያንን ግምት ፈልጎ ማግኘት ማለት ነው። ግምቱን ሳናውቅ ከተጠቀምንበት ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ተፈታኞቹ እኛ እንሆናለን።

ጥያቄው ከየት መጣ?

የሲግናል ትንተና ከማስተምራቸው ተማሪዎች መካከል ከትምህርቱ ጎን ለጎን ጊታር የሚጫወት አንድ ወጣት ነበር። አንድ ቀን ፕሮሰሰሩን ይዞ ወደ ቤተ ሙከራ መጣና፣ «ዶክተር፣ ይሄ ዕቃ አንዳንዴ ይንቀጠቀጣል። ጥፋቱ የእኔ ነው ወይስ የእሱ?» ሲል ጠየቀኝ። እንዲጫወት ነገርኩት። አንድ ክር ብቻ ሲመታ ድምፁ ጥርት ብሎ ወጣ። በአምባሰል ቅኝት ሁለት ጎረቤት ድምፆች አብረው እንዲያስተጋቡ አድርጎ ሲመታ ግን ድምፁ ተሰባበረ። የመሣሪያው መግለጫ ወረቀት ስለዚህ ጉዳይ ምንም አይልም። ወጣቱ ቀጥሎ የተናገረው ነገር ግን ከመሰባበሩ ይበልጥ አሳሰበኝ። «አሁንማ ለምጄዋለሁ፤ እሱ የማይወደውን አልጫወትም» አለኝ።

የመሣሪያውንም የሠሪውንም ስም አልጠቅስም፤ ችግሩ የአንድ ኩባንያ ሳይሆን የስልቱ ራሱ ነውና። ነገር ግን ያቺን አንድ ዓረፍተ ነገር እንድታስቡባት እፈልጋለሁ። አንድ ወጣት ሙዚቀኛ ከገዛ ቅኝቱ ውስጥ የተወሰኑ ድምፆችን መተው ጀምሯል። የተዋቸው ስለማያምሩ አልነበረም። መሣሪያው ስላልቻላቸው ነው።

ከቴፕ ወደ ቁጥር

ከእኔ ጋር እኩያ የሆናችሁ ሁሉ የከፍታ ሽግግርን ከፕሮሰሰር በፊት ታውቁታላችሁ። የቴፕ ሪከርደሩ ባትሪ ድንጋይ ሲያልቅ የዘፋኙ ድምፅ እየወፈረ፣ ዘፈኑም እየተጎተተ ይሄድ ነበር። የቴፑ ፍጥነት በግማሽ ሲቀንስ ድግግሞሹ በግማሽ ይቀንሳል፤ ድምፁ አንድ ኦክታቭ ይወርዳል፤ የዘፈኑ ርዝመትም እጥፍ ይሆናል። ከፍታና ጊዜ በአንድ ገመድ የታሰሩ ናቸው። የዘርፉ ታሪክ በሙሉ ይህን ገመድ ለመፍታት የተደረገ ጥረት ታሪክ ነው ማለት ይቻላል።

የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው። በ1954 በአሜሪካ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበሩት ግራንት ፌርባንክስና ባልደረቦቻቸው የሚሽከረከሩ የማንበቢያ ራሶች ያሉት የቴፕ መሣሪያ አስተዋወቁ። ራሶቹ በመሽከርከራቸው ቴፑን ከሚጓዝበት ፍጥነት በተለየ ፍጥነት ያነቡታል፤ የተነበቡት አጫጭር ቁርጥራጮችም ይቀጣጠላሉ። በ1975 ደግሞ ኢቨንታይድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በቶኒ አግኔሎ የተነደፈውን ኤች910 ሃርሞናይዘር ለገበያ አቀረበ። ቴፑ በዲጂታል ማኅደር ተተካ። በ1977 በወጣው «ሎው» በተሰኘው የዴቪድ ቦዊ አልበም ላይ ፕሮዲዩሰሩ ቶኒ ቪስኮንቲ ይህንኑ መሣሪያ ለከበሮ ተጠቀመበት፤ የከበሮው ድምፅ ከተመታ በኋላ ወደ ታች የሚሰምጠው በዚሁ ምክንያት ነው። በ2003 ዓለም ሁሉ የሰማው የዋይት ስትራይፕስ «ሰቨን ኔሽን አርሚ» መግቢያ የባስ ጊታር የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ ድምፁ ግን በከፍታ ማሸጋገሪያ ፔዳል አንድ ኦክታቭ ዝቅ የተደረገ ጊታር ነው። ዛሬ ያ ሁሉ በአንድ ሣጥን ውስጥ ካሉት በርካታ ምርጫዎች አንዱ ሆኗል።

ጸሐፊውና አንባቢው

አሁን ሣጥኑን እንክፈተው። በውስጡ አንድ ክብ መዝገብ አለ ብላችሁ አስቡ። አንድ ጸሐፊ የሚመጣውን ድምፅ በተወሰነ ፍጥነት ይጽፋል፤ አንድ አንባቢ ደግሞ ከኋላው እየተከተለ ያነባል። ሁለቱ እኩል ከተጓዙ የሚወጣው ድምፅ ከገባው ጋር አንድ ነው፤ ጥቂት ይዘገያል እንጂ። አንባቢው በእጥፍ ፍጥነት ካነበበ ድምፁ አንድ ኦክታቭ ይቀጥናል። በግማሽ ፍጥነት ካነበበ አንድ ኦክታቭ ይወፍራል። ወደ እኛ የሚገሰግስ መኪና ጡሩምባ ቀጥኖ የሚሰማበት፣ በ1842 ክርስቲያን ዶፕለር ያስረዳው ሕግ እዚህ መዝገብ ላይም ይሠራል።

ችግሩ ግልጽ ነው። ፈጣኑ አንባቢ ጸሐፊውን ይደርስበታል፤ ገና ያልተጻፈውን ማንበብ ስለማይችልም ወደ ኋላ መዝለል ይኖርበታል። ዘገምተኛው አንባቢ ደግሞ እየራቀ ይሄዳል፤ አንድ ቦታ ላይ ወደ ፊት መዝለል ግድ ይሆንበታል። ለምሳሌ በሁለቱ መካከል ሊኖር የሚችለው ርቀት ቢበዛ 50 ሚሊሴኮንድ ነው እንበል። አንድ ኦክታቭ ወደ ላይ ስንሄድ በሴኮንድ 20 ዝላይ ያስፈልጋል። አንድ አምስተኛ፣ ማለትም 7 ግማሽ ድምፅ፣ ወደ ላይ ስንሄድ ወደ 10 ዝላይ፤ አንድ ግማሽ ድምፅ ብቻ ስንሄድ ደግሞ 1 ወይም 2 ዝላይ። ተጠቃሚው «ይንቀጠቀጣል» የሚለው ይህንኑ ዝላይ ነው። የሽግግሩ ርቀት ሲጨምር መንቀጥቀጡ የሚጨምረውም ስለዚህ ነው።

ዝላዩ እንዳይሰማ የሚደረጉ ሁለት ዘዴዎች አሉ። አንደኛው ሁለት አንባቢዎችን አሠማርቶ አንዱ ሲዘል የእሱን ድምፅ እያደበዘዙ የሌላውን ማጉላት ነው። ሁለተኛውና ብልሁ ዘዴ ዝላዩን ከሞገዱ ዑደት ጋር ማስማማት ነው። የጊታር ወፍራሙ ክር በሴኮንድ 82.4 ጊዜ ይርገበገባል፤ አንዱ ዑደት 12.1 ሚሊሴኮንድ ይፈጃል። አንባቢው ልክ 4 ዑደት፣ ማለትም 48.5 ሚሊሴኮንድ ቢዘል የሚያርፈው ከተነሣበት ጋር ተመሳሳይ በሆነ የሞገድ ክፍል ላይ ነው። ስፌቱ አይታይም።

የመጀመሪያው ግምት የተደበቀው እዚህ ላይ ነው። ዘዴው የሚሠራው ድምፁ ዑደት ካለው ብቻ ነው። አንድ ክር ዑደት አለው። አንድ ላይ የተመቱ ሁለት ጎረቤት ድምፆች ግን አጭር የጋራ ዑደት የላቸውም። አንባቢው ለአንዱ የሚስማማ ዝላይ ሲመርጥ የሌላውን ይሰብረዋል። የተማሪዬ አምባሰል የተሰባበረው በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ ለጥያቄው መልስ አለን፦ ጥፋቱ የእሱ አልነበረም፤ መሣሪያውም አልተበላሸም። መሣሪያው የተሠራው በአንድ ጊዜ አንድ ድምፅ ይመጣል በሚል ግምት ነው።

ከጊዜና ከድግግሞሽ ሕግ ማምለጥ አይቻልም

«ታዲያ ለምን ድምፆቹን አንድ በአንድ ለይቶ እያንዳንዱን በየፊናው አያሸጋግርም?» የምትሉ ተማሪዎች ትኖራላችሁ። ጥያቄው ትክክል ነው፤ መንገዱም አለ። በ1966 በቤል ላቦራቶሪ ፍላናጋንና ጎልደን ፌዝ ቮኮደር የተባለውን ስልት አቅርበዋል። ስልቱ ድምፁን ወደ በርካታ ጠባብ የድግግሞሽ መስመሮች ይከፍለዋል። በዚህ ላይ የተመሠረቱ ፕሮሰሰሮች ኮርድን በሙሉ ማሸጋገር ይችላሉ። ዋጋው ግን ጊዜ ነው።

በትውልድ ሃንጋሪያዊው ዴኒስ ጋቦር በ1946 ባሳተመው ጥናት እንዳስረዳው፣ ድግግሞሽን አጥርቶ ለማወቅ ረዘም ላለ ጊዜ ማዳመጥ ግድ ነው፤ ጊዜን አጥርቶ ለማወቅ ደግሞ የድግግሞሽ ጥራትን መሠዋት ያስፈልጋል። በጊታር ላይ እናስላው። ከወፍራሙ ክር ዝቅተኛው ድምፅ 82.4 ኸርዝ ነው፤ ከእሱ ቀጥሎ ያለው ግማሽ ድምፅ 87.3 ኸርዝ ነው። ልዩነታቸው 4.9 ኸርዝ ብቻ ነው። ሁለቱ አብረው ሲሰሙ ለያይቶ ለማየት በግምት የዚህ ልዩነት ተገላቢጦሽ፣ ማለትም ወደ 200 ሚሊሴኮንድ ማዳመጥ ያስፈልጋል። በደቂቃ 120 ምት በሚሄድ ዜማ የአንድ ምት ሩብ 125 ሚሊሴኮንድ ነው። መሣሪያው የሰማውን አጣርቶ ሳይጨርስ ተጫዋቹ ሌላ ድምፅ ላይ ደርሷል።

ስለዚህ ሠሪው ይመርጣል። ፈጣን ምላሽ ከፈለገ የድምፆቹን ጥራት ይሠዋል፤ ጥራት ከፈለገ ተጫዋቹን ያስጠብቃል። ድምፅ በአየር ውስጥ በሴኮንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ የ10 ሚሊሴኮንድ መዘግየት ከማጉያው 3 ሜትር ተኩል ያህል ርቆ እንደ መቆም ነው። ይህን ተጫዋች ይለምደዋል። የ85 ሚሊሴኮንድ መዘግየት ግን ማጉያውን 29 ሜትር አርቆ እንደ ማስቀመጥ ነው። ጣቱና ጆሮው ይለያያሉ። የተሻለ ፕሮሰሰር መሥራት ይህን ሚዛን የበለጠ በብልሃት መያዝ ማለት ነው። ሕጉን የሻረ መሣሪያ አለ የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ፣ ምን እንደ ሠዋ ለማወቅ ፈትኑት።

አምስት ፈተናዎች

በቤተ ሙከራችን የምንጠቀምባቸው ፈተናዎች አምስት ናቸው። ውድ መሣሪያ አይጠይቁም። ሁለት መግቢያ ያለው የድምፅ ካርድ፣ አንድ ኮምፒውተርና አንድ ጊታር ይበቃሉ።

የመጀመሪያው የትክክለኛነት ፈተና ነው። 440 ኸርዝ ንጹሕ ሳይን ሞገድ እናስገባለን። አንድ ኦክታቭ ወደ ታች 220 መውጣት አለበት፤ 7 ግማሽ ድምፅ ወደ ላይ 659.26 መውጣት አለበት። የግማሽ ድምፅ መቶኛ የሆነው 1 ሴንት በዚህ ከፍታ ሩብ ኸርዝ ያህል ነው። ከዋናው ድምፅ ጋር አብሮ ሲደመጥ የሚፈጠረውን ምት በመቁጠር እንኳ ስሕተቱን ማግኘት ይቻላል። ዘመናዊ መሣሪያ ይህን ፈተና በቀላሉ ያልፋል፤ ንጹሕ ሳይን ለስልቱ ከሁሉ የቀለለ ምግብ ነውና። የሚያሳዝነው ብዙ የመግለጫ ወረቀቶች የሚነግሩን ይህንኑ ብቻ መሆኑ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። 659.26 ትክክል ነው ስንል በምን ሚዛን ነው? ኦክታቭን ለ12 እኩል ክፍሎች በከፈለው ሚዛን ነው። ሁለት ክሮችን በጆሮው የሚቃኝ ሰው ምቱ እስኪጠፋ ድረስ ቢያስማማቸው የሚደርሰው 660 ላይ ነው። የአምስተኛው ልዩነት 2 ሴንት ስለሆነ ብዙም አይሰማም። በትልቁ ሦስተኛ ግን በጆሮ የሚገኘው 550፣ መሣሪያው የሚሰጠው 554.37 ነው፤ ልዩነቱ ወደ 14 ሴንት ይጠጋል። ይህ ስሕተት አይደለም፤ ምርጫ ነው። ፈታኝ ስሕተትንና ምርጫን መለየት አለበት።

ሁለተኛው የመዘግየት ፈተና ነው። የጊታሩን ምልክት ለሁለት ከፍለን አንዱን በቀጥታ፣ ሌላውን በፕሮሰሰሩ በኩል እንቀርጻለን። ከዚያም በሁለቱ መነሻዎች መካከል ያለውን ርቀት እንለካለን። ፈተናው በእያንዳንዱ ክር ላይ ለየብቻ መደረግ አለበት። ዑደትን ፈልጎ የሚሠራ መሣሪያ ቢያንስ አንድ ሁለት ዑደት መጠበቅ ይኖርበታል። በቀጭኑ ክር ላይ አንዱ ዑደት 3 ሚሊሴኮንድ ነው፤ በወፍራሙ ላይ 12። በመግለጫው ላይ አንድ የመዘግየት ቁጥር ብቻ ካያችሁ፣ «በየትኛው ክር?» ብላችሁ ጠይቁ።

ሦስተኛው የአነሣሥ ፈተና ነው። ክሩን በመዳፍ አፍነን በፕሌክትረም አጭር ምት እንመታለን። ከፍታ ስንጨምር አንባቢው ወደ ኋላ ስለሚዘል ምቱ ሁለት ጊዜ ሊሰማ ይችላል፤ እንደ መንተባተብ። ከፍታ ስንቀንስ አንባቢው ወደ ፊት ስለሚዘል ምቱ ሊዋጥ ይችላል። ጆሮ የአንድን መሣሪያ ማንነት በእጅጉ የሚያውቀው ከአነሣሡ ነው። አነሣሡ የተበላሸ ጊታር ጊታር መሆኑን ያጣል።

አራተኛው የሁለት ድምፅ ፈተና ነው። በመጀመሪያ ኦክታቭ፣ ቀጥሎ አምስተኛ፣ ቀጥሎ ሦስተኛ፣ በመጨረሻም ግማሽ ድምፅ አብረን እንመታለን። ወፍራሙ ክር ከአምስተኛው ጋር ሲመታ የጋራ ዑደቱ ወደ 24 ሚሊሴኮንድ ይጠጋል፤ መሣሪያው ሊያገኘው ይችላል። ድምፆቹ እየተቀራረቡ ሲሄዱ ግን የጋራው ዑደት እየረዘመ ከመዝገቡ ርዝመት ያልፋል። መሣሪያው የሚሰናከልበትን ርቀት መዝግቡ። ያ ርቀት ከማንኛውም ሌላ ቁጥር ይልቅ ስለ መሣሪያው ይነግራችኋል።

አምስተኛውን ተማሪዎቼ «ደርሶ መልስ» ብለውታል። የተቀረጸ ሐረግ 5 ግማሽ ድምፅ ወደ ላይ እናሸጋግራለን፤ ውጤቱን እንደገና አስገብተን 5 ወደ ታች እንመልሳለን። በስሌት ከተነሣንበት መድረስ ነበረብን። በተግባር አንደርስም። ሄደን ስንመለስ የጎደለው ነገር መሣሪያው ድምፁ ላይ ያደረሰው ጉዳት ነው፤ በአንድ ጉዞ የማይሰማው በሁለት ጉዞ ይሰማል።

ቅኝት ወደ ፈተናው ሲገባ

እስካሁን የተናገርኩት በየትኛውም አገር ላለ ጊታር ይሠራል። አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ።

ብዙ ፕሮሰሰሮች «ብልህ ሐርመኒ» የሚባል አሠራር አላቸው። ተጫዋቹ የሚጫወትበትን ስኬል ይመርጣል፤ መሣሪያው የተመታውን ድምፅ ለይቶ ከስኬሉ ውስጥ ተገቢውን ሁለተኛ ድምፅ ይጨምርለታል። የተለመዱት ምርጫዎች ባለ 7 ድምፅ የሆኑት ሜጀርና ማይነር ናቸው። የእኛ ቅኝቶች ግን ባለ 5 ድምፅ ናቸው። ትዝታ ሜጀርን ከዶ ብንነሣ፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። መሣሪያውን ዶ ሜጀር ላይ አድርገን «ሦስተኛ ወደ ላይ» ብንለው፣ ለዶ ሚን፣ ለሬ ፋን፣ ለሚ ሶልን፣ ለሶል ሲን፣ ለላ ዶን ይሰጠናል። ከአምስቱ ሁለቱ፣ ፋ እና ሲ፣ በቅኝቱ ውስጥ የሉም። ብልሃቱን አጥፍተን ቋሚ 4 ግማሽ ድምፅ ብናሸጋግር ደግሞ የሚወጡት ሚ፣ ፋ ሻርፕ፣ ሶል ሻርፕ፣ ሲ እና ዶ ሻርፕ ናቸው፤ ከአምስቱ አራቱ ከቅኝቱ ውጪ ወጡ።

የሚገርመው መፍትሔው ቀላል መሆኑ ነው። በቅኝቱ ውስጥ አንድ ድምፅ እየዘለልን ብንጨምር፣ ለዶ ሚ፣ ለሬ ሶል፣ ለሚ ላ፣ ለሶል ዶ፣ ለላ ሬ እናገኛለን። በግማሽ ድምፅ ሲቆጠር ርቀቶቹ 4፣ 5፣ 5፣ 5፣ 5 ናቸው። አንዳንድ ፕሮሰሰሮች ተጠቃሚው ራሱ እንዲህ ያለ ሠንጠረዥ እንዲሞላ ይፈቅዳሉ። አምስት ቁጥሮችን ማስገባት ብቻ ነው። ያም ሆኖ ቁጥሮቹን ማንም አይሞላልንም፤ እኛ ካልሞላናቸው።

አንቺ ሆዬ ደግሞ የበለጠ ያስተምረናል። ወደ 12ቱ ድምፆች አስጠግተን ከዶ ስንጽፈው ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ይሆናል። እነዚህን አምስቱን በሙሉ የያዘ አንድም ሜጀር ስኬል የለም፤ አሥራ ሁለቱንም በየተራ ሞክራችሁ ማረጋገጥ ትችላላችሁ። ስለዚህ ከምርጫዎቹ መካከል የትኛውን ሜጀር ብንመርጥ መሣሪያው ቢያንስ አንዱን ድምፅ እንግዳ አድርጎ ይቆጥረዋል። «አስጠግተን» ማለቴንም ልብ በሉ። የክራርም ሆነ የማሲንቆ ተጫዋች ድምፁን የሚያገኘው በጆሮው ነው፤ ከ12ቱ እኩል ክፍሎች ጥቂት ሴንት ዘንበል ቢል የቅኝቱ ጣዕም አካል ነው። በማሲንቆ ላይ ጣት ከድምፅ ወደ ድምፅ እየተንሸራተተ ይሄዳል። ያንን መንሸራተት በጊታር ክሩን በመሳብ የሚያስመስል ተጫዋች ብልህ ሐርመኒን ካበራ፣ ዋናው ድምፅ ሲንሸራተት የተጨመረው ድምፅ በደረጃ ሲዘል ይሰማዋል። መሣሪያው በእያንዳንዱ ቅጽበት «ይህ የትኛው ድምፅ ነው?» ብሎ ይጠይቃልና፣ «በሁለቱ መካከል ነው» የሚል መልስ አልተዘጋጀለትም።

ይህን የምለው ሠሪዎቹን ለመውቀስ አይደለም። ማንም መሐንዲስ የሚሠራው በጆሮው ለሚያውቀው ሙዚቃ ነው። ወቀሳ ካለ የሚመለከተው ያልፈተንነውን እኛን ነው። በእኛ ቅኝት የተሠራ የፈተና ድምፅ ከሌለ፣ የእኛ ቅኝት የሚሰናከልበትን ቦታ የሚያሳይ ቁጥርም አይኖርም። ቁጥር የሌለውን ችግር ደግሞ ለሠሪው ማስረዳት አይቻልም፤ «ይንቀጠቀጣል» ከማለት አናልፍም።

መደምደሚያ

ንግግሬን ሦስት ነገሮችን በማስታወስ ላጠቃልል።

አንደኛ፣ የምህንድስና ተማሪዎች ሆይ፣ የመግለጫ ወረቀት ስታነቡ ከቁጥሩ በፊት የተፈተነበትን ድምፅ ጠይቁ። በሳይን ሞገድ የተገኘ ውጤት የሚነግረን ስለ ሳይን ሞገድ ነው። ይህ ምክር ለጊታር ፕሮሰሰር ብቻ የሚሆን አይደለም፤ ንግግርን ወደ ጽሑፍ ለሚለውጥ ፕሮግራምም፣ ለመስሚያ መሣሪያም ይሆናል።

ሁለተኛ፣ የሙዚቃ ተማሪዎች ሆይ፣ መሣሪያው ሲሰናከል ጣታችሁን ለማረም አትቸኩሉ። በመጀመሪያ አንድ ክር ብቻ ምቱ። ጥርት ብሎ ከወጣ ሁለት ምቱ። የት እንደሚሰበር ስታውቁ፣ እዚያ ቦታ ላይ መሣሪያውን ማጥፋት፣ የሽግግሩን ርቀት መቀነስ ወይም ሠንጠረዡን ራሳችሁ መሙላት የእናንተ ውሳኔ ይሆናል። ሳታውቁ ከተዋችሁት ግን ውሳኔው የመሣሪያው ነው።

ሦስተኛ፣ ሁላችንንም የሚመለከት አንድ ሥራ አቀርባለሁ። በአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች፣ በጊታር፣ በክራርና በማሲንቆ የተቀረጹ አጫጭር የፈተና ድምፆችን በጋራ ብናዘጋጅ፣ ማንኛውም ተማሪ አዲስ መሣሪያ ሲያገኝ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊፈትነው ይችላል። የእኛ ክፍል ልኬቱን ይሠራል፤ የትኛው ድምፅ ዘንበል እንዳለና የትኛው እንደተሳሳተ የሚነግረን ግን የሙዚቀኛ ጆሮ ነው። አንዱ ያለሌላው ግማሽ ፈተና ነው።

ያ ወጣት ፈተናዎቹን ከእኛ ጋር በሠራበት ወቅት የመሣሪያውን መሰናከያ በወረቀት ላይ ነድፎ በሣጥኑ ጀርባ ለጠፈው። አምባሰልንም ወደ ጨዋታው መለሰው፤ በዚያ ክፍል ላይ ሲደርስ ፔዳሉን በእግሩ ያጠፋል፣ ሲያልፍ ያበራል። ማጥፊያውም ቢሆን የመሣሪያው አንድ አካል ነው፤ መቼ እንደሚረገጥ ማወቅ ደግሞ የፈተና ፍሬ ነው።